ለእንግዳ የተወለወለ ትምህርት ቤት

እትዬ እግርን በስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ግን ሕፃን ሽማግሌ ሳንል «እትዬ እግር» ነው የምንላት፤ ምክንያቱም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን በር ላይ መወልወያዋን እንደ ጦር ተደግፋ ቆማ፣ ለሚገባው ሁሉ «እግር!» ትላለች። እግራችሁን አራግፉ፣ ጭቃ ይዛችሁ አትግቡ ማለቷ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙሉውን ትለው ነበር አሉ፤ ሲደጋገም ሲደጋገም ግን ዓረፍተ ነገሩ እንደ ሳሙና አልቆ አልቆ ቁራሹ ብቻ ቀረ።

ታዲያ «እግር!» ሲባል የማይደነግጥ የለም። ዛሬ ጢም ያወጣ የአውቶቡስ ሹፌር በበሩ ሲያልፍ ድምፅዋን ከሰማ፣ ሳያስበው ጫማውን አስፋልቱ ላይ ሲያብስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ዳይሬክተሩ ራሱ አንድ ጠዋት በስልክ እያወራ ሹልክ ሊልባት ሞክሮ ነበር።

«እግር!»

«እትዬ፣ ስልክ ላይ ነኝ እኮ!»

«ስልኩ ንጹሕ ነው፣ ይግባ። እርስዎ ግን ያራግፉ።»

አራገፈ። ምን ያድርግ!

እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤቱ ከእሷ በቀር የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። የክፍሎቹ ወለል ሲሚንቶ ነው ይባላል እንጂ ከሲሚንቶው ጉድጓዱ ይበልጣል። የአራተኛ ክፍል ጣራ ዝናብ ሲጥል ያፈስሳል፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ታቅፈው ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ፣ መምህርቷም እዚያው ጥግ ቆማ ታስተምራለች፣ ባልዲው ደግሞ መሐል ወለል ላይ ተቀምጦ ጠብ ጠብ እያለ ትምህርቱን ይከታተላል። ስድስተኛ ክፍልማ ጉድ ነው! ለሦስት ልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ይቀመጣሉ። ጫፍ ላይ የተቀመጠው ልጅ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚያርፍ፣ አንዱ እግሩ መተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ ሰውነቱን ደግፎ ይይዛል። እነዚህን የጫፍ ልጆች ጓደኞቻቸው «ግማሽ ተማሪ» ይሏቸዋል። «አንተ ግማሽ ተማሪ ስለሆንክ የቤት ሥራውን ግማሹን ሥራ» እየተባሉ ይቀለድባቸዋል።

እትዬ እግር ይሄን ሁሉ ይዛ ነው እንግዲህ የምታጸዳው። ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ትጠርጋለች፣ ሲወጡ ትወለውላለች። መስታወት በሌለው መስኮት ላይ እንኳ ፍሬሙን ታብሳለች። ዘበኛው፣ ሲቀልድ የማይታክተው፣ «አንቺ እኮ ጉድጓዱንም ታብሺዋለሽ!» ይላታል።

«ጉድጓድ ቢሆንስ? ቆሻሻ ጉድጓድና ንጹሕ ጉድጓድ አንድ ነው?»

ዓላማዋ ግን ወለሉ አልነበረም፤ ልጇ ነበረች። አንድ ልጅ ናት ያለቻት፣ ዘግይታ የመጣች። አባትየው ሥራ ፍለጋ ብሎ ከሄደ ቆይቷል፤ ሥራው ተገኝቶ ይሁን እሱ ራሱ ጠፍቶ የሚያውቅ የለም። እናትና ልጅ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ስለሚርገበገብ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሞተሩ ሲያርፍ ጠብቃ ነው፤ አለበለዚያ ፊደሏ እንደ ሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ይህችን ልጅ «ለምንዬ» ነው የምንላት። ለምን ሳትል ውላ አታውቅማ! የሒሳብ መምህሯ አንድ ቀን፣ «ነጋዴው ሠላሳ ብርቱካን ገዝቶ አሥሩ ቢበሰብሱበት ስንት ይቀሩታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ለምን እስኪበሰብሱ ዝም አለ?» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። መምህሩ ግን አልሳቀም። እረፍት ሰዓት ላይ እትዬ እግርን ፈልጎ፣ «ይህቺን ልጅ አደራ። ትምህርት እንዳታቋርጥ» አላት። እትዬ እግር ያን ቀን የስድስተኛ ክፍልን ወለል ሁለት ጊዜ ወለወለችው። ደስታዋን የምታወጣበት ሌላ መንገድ አታውቅም።

ችግሩ ታዲያ ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ላይ ያልቃል።

ድሮ አያሳስብም ነበር። ስድስተኛን የጨረሰ ልጅ ከአደባባዩ አጠገብ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይሄድና ሰባተኛ ይገባል። ኋላ መመሪያ መጣ። እያንዳንዱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ድረስ ራሱ ያስተምር፣ ትልቁ ከዘጠነኛ ጀምሮ ብቻ ይቀበል ተባለ። ሐሳቡ መቼም ሸጋ ነው፤ ሕፃን ልጅ በመኪና መንገድ ከሚንከራተት ቤቱ አጠገብ ይማር ነው። ትልቁ ትምህርት ቤትም እንደታዘዘው ሰባተኛውን ዘጋ። እኛ ጋ ግን ሰባተኛ የሚገባበት ክፍል የለም። መመሪያው ቀድሞ ደረሰ፣ ክፍሉ መንገድ ላይ ቀረ። ክፍል የነበራቸው ትምህርት ቤቶች ለራሳቸው ልጆች ከፈቱ፤ የሌላቸው ልጆቻቸውን እያስመረቁ በር ላይ ተሰናበቷቸው። ለምንዬ ስድስተኛ ክፍል የነበረችው ታዲያ በዚህ ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ መምህራኑንም ዘበኛውንም እትዬ እግርንም ሰበሰበ። ፊቱ በርቷል።

«ከትምህርት ቢሮ ተደውሎልኛል» አለ። «ተጨማሪ ክፍል የሚያስገነባ በጀት ተገኝቷል። በዚህ አካባቢ ዘንድሮ ለአንድ ትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው። ኢንጂነር ይዘው መጥተው አይተው ይወስናሉ። ሐሙስ እኛ ጋ ናቸው!»

እትዬ እግር መወልወያዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ሰባተኛ እዚህ ሊከፈት ነው?»

«ከተሰጠን አዎ። ስለዚህ እንዳታሳፍሩኝ። ትምህርት ቤቱ ሙሽራ መስሎ ይጠብቃቸው።»

ማንም «ለምን ሙሽራ ይምሰል?» አላለም። ማን ይላል? እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሰናዳል፤ ይሄ የተጻፈ ሕግ አይደለም፣ ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው። የተቀደደው ፍራሽ በአንሶላ ይሸፈናል፣ ጎረቤት ሄዶ ብርጭቆ ይዋሳሉ፣ ልጆች «እንግዳ ፊት እንዳትቅበጡ» ይባላሉ። ከዚያ ውጪ እንግዳ የመቀበያ መንገድ እናውቃለን እንዴ! ሁሉም በየልቡ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ያለውን በወግ ላልያዘ ሌላ የሚጨምርለት የለም። እትዬ እግር በቃሏ ጭምር ተናገረችው።

«ዝርክርክ ቤት ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ የለም። ለእኔ ተዉት።»

ተዉላት። ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ሥራ ሠራች መሰላችሁ! ግንበኛ የሆነ የአክስቷን ልጅ ለምና የሲሚንቶ ትርፍራፊ አመጣች፤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ደፈነች፤ በላዩ ቀይ የወለል ቀለም አስኬደችበት፤ በሰም እስኪያንጸባርቅ ወለወለችው። ስድስተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ ኖራ ቀብታ ከላዩ የዓለምን ካርታ ሰቀለችበት። የሚያፈስሰው ጣራ ላይ ያለውን የእድፍ ክብ በኖራ አጠፋችው። ባልዲውን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተተችው። ከጎረቤት መጋረጃ ተዋሰች፣ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት የፕላስቲክ አበባ ተዋሰች፣ ከዘበኛው እንኳ ሳይቀር አዲስ ኮፍያውን አስወልቃ ዳይሬክተሩ ቢሮ መስቀያ ላይ ሰቀለችው።

«ኮፍያዬ እዚያ ምን ይሠራል?» አለ ዘበኛው።

«ቢሮው ሰው ያለበት እንዲመስል ነው።»

«ሰውዬው ራሱ አለ አይደል እንዴ?»

«እሱማ አለ፤ ኮፍያ የለውም።»

ዳይሬክተሩም የበኩሉን አደረገ። አምስት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተፋፍጎ ቢታይ ነውር ነው ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት ግማሽ ተማሪዎቹን በሙሉ «እናንተ ዛሬ እቤታችሁ አጥኑ» አላቸው። ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። በየዴስኩ ሦስት ሦስት ሆነው ሲቀመጡ ክፍሉ እንደዚያ ተንፍሶ አያውቅም። ለምንዬ ጫፍ አልነበረችም፤ መሐል ስለምትቀመጥ ክፍል ገባች። እናቷ በዋዜማው ጸጉሯን ስትጎነጉንላት ነበር የመከረቻት።

«ነገ የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

«ለምን?»

«ይኸው! ይሄንን ነው የምልሽ። ከጠየቁሽ ሁሉም ደህና ነው በይ። ‹ለምን› የምትለዋን ለአንድ ቀን ብቻ እቤት ትተሻት ሂጂ። ሰባተኛ ከገባሽ በኋላ እንደ ልብሽ።»

«እሺ፣ እማ።»

እንግዶቹ መጡ። አንዱ የቢሮ ሰው ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ሌላዋ ኢንጂነሯ ናት፤ ወጣት፣ ሜትሯን ወገቧ ላይ ያንጠለጠለች፣ ዓይኗ የማያርፍ። እትዬ እግር በሩ ላይ ቆማለች። ልማዷ ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። እንግዳ «እግር!» አይባልም። አፈር ይዘው ገቡ፤ እሷ ከኋላቸው ጨርቅ ይዛ እያጎነበሰች ተከተለቻቸው።

ኢንጂነሯ አራተኛ ክፍል ገብታ ቀና ብላ ጣራውን አየች። «ያፈስሳል?»

ዳይሬክተሩ ሳያስበው ምላሱ ቀደመው። «ኧረ ለክፉ የሚሰጥ አይደለም! ትንሽ ትንሽ፣ እንደማንኛውም ቤት።»

ጻፈች። ወለሉን በጫማዋ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። «ወለላችሁ በጣም ጥሩ ነው።» ይሄን ስትል እትዬ እግር ከኋላ ሆና ፊቷ እንዴት እንደበራ ማየት ነበረባችሁ! ዕድሜ ልኳን ጠርጋ ጠርጋ፣ ወለሏን አይቶ «ጥሩ ነው» ያለ የተማረ ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ ልጆቹ ብድግ አሉ። ኢንጂነሯ በየዴስኩ ሦስት ሦስት መሆናቸውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለምንዬ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች፤ ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ ብላ ነው፣ ደግ ሰው ናት።

«እስቲ ንገሪኝ የኔ ቆንጆ፤ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ?»

ለምንዬ ከንፈሯን ከፈተች። ስንጥቁን የሸፈነውን የዓለም ካርታ አየች፣ የሌሉትን ጓደኞቿን ቦታ አየች፣ ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው እናቷ ዞረች። እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት።

«ምንም የለም» አለች ልጅቷ። «ሁሉም ደህና ነው። ክፍላችን ሰፊ ነው።»

«ጎበዝ!» አለች ኢንጂነሯ፣ ጻፈችም።

እትዬ እግር እንግዶቹ ሲወጡ ልጇን መተላለፊያው ላይ ጎተት አድርጋ ግንባሯን ሳመቻት። «ተባረኪ! የእናትሽ ልጅ!» አለቻት። ማታ ወፍጮው ጸጥ ሲል ቁጭ ብለው ስለ ሰባተኛ ክፍል አወሩ፤ አዲሱ ክፍል በየትኛው በኩል ይሠራ ይሆን፣ በሩ ወደ ሜዳው ይሁን ወደ ቧንቧው ይባባሉ ጀመር። እናትየዋማ «ወደ ቧንቧው ከሆነ ጭቃ ይበዛብኛል» ብላ ከወዲሁ ማማረር ሁሉ ጀምራ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ ትምህርት ቢሮ ተጠርቶ ሄደና ከሰዓት ላይ ተመለሰ። በቀጥታ ወደ ጽዳት ዕቃ ማስቀመጫዋ መጣ። በመስታወት የተከፈፈ ወረቀት በብብቱ ይዟል። ጫማውን ሳያራግፍ ገባ፤ እሷም ፊቱን ስላየች «እግር!» አላለችውም። ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ አንደኛ ወጣን።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!»

«ቆይ፣ ቆይ። አትደሰቺ። አንደኛ የወጣነው በጥሩነት ነው። በአካባቢው በአያያዝ የተመሰገነ ትምህርት ቤት ተብለናል፤ ይኸው ምስክር ወረቀቱ።» ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «ክፍል የሚሠራው ግን በመጥፎነት አንደኛ ለወጣው ነው። በጀቱ በጣም ለተቸገረ ነው የተባለው። ከሐዲዱ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ሄደ።»

አልገባትም። «ለእነዚያ ዝርክርኮች?»

«ኢንጂነሯ እዚያ ስትሄድ እግሯ ወለሉ ውስጥ ገባ አሉ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ።»

«እኛም እኮ ጉድጓድ ነበረን!»

«ነበረን። ደፈንሽው።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ሙሽራ ይምሰል ያሉት?»

«እኔ ነኝ» አለ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ግማሽ ተማሪዎቹንም እቤት የሰደድኳቸው እኔ ነኝ። ክፍል እንደሚበቃን ራሴ አሳይቻቸው!»

ከውጪ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። እትዬ እግር ቀስ ብላ፣ «እኛ የሠራነው ስህተት ምንድነው ግን?» አለችው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን በብብቱ መልሶ ወጣ። መልሱን እኔም ከዚያ ወዲህ ሳስበው ኖሬ አላገኘሁትም። ሰው ፊት ገበናህን ሸፍን ተብሎ ያደገ ሰው፣ ገበናውን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር?

እትዬ እግር በዚህ አልቆመችም። ዘበኛው ነው የገፋፋት። «ሂጂና ለኢንጂነሯ ለራሷ ንገሪያት። ለእኛ ሲሆን እንደ ጡሩምባ ትጮሂ የለ!» አላት። የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ፣ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ቀይራ ትምህርት ቢሮው ሄደች። መተላለፊያው ላይ ጠበቀች፣ ጠበቀች። የሚያልፍ የሚያገድመው «ማንን ነው?» ይላታል፤ «ሜትር የያዘችውን ልጅ» ትላለች። በመጨረሻ ኢንጂነሯ ራሷ ስታልፍ አየቻትና አወቀቻት።

«እርስዎ የዚያ የሚያምረው ወለል ሰው አይደሉም? ይግቡ፣ ይቀመጡ!»

ወንበር ሰጠቻት። እትዬ እግር በጫፉ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ያየሽው ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ወለሉ የተቀባው በዋዜማው ነው፤ አሁን ተመልሶ ተፈልፍሏል። ካርታው ጀርባ ስንጥቅ አለ። ጣራው ኖራ ነው እንጂ ያፈስሳል፤ ባልዲውን ደብቄው ነው። ልጆቹ አምስት አምስት ናቸው። ያቺ ያናገርሻት ልጅ የእኔ ናት፤ ምንም የለም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሯ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን አላሳያችሁኝም? እኔ እኮ ያንን ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዳ ነሽ እኮ!»

ኢንጂነሯ ፈገግ ልትል ፈልጋ ፊቷ እምቢ አላት። «የእኔም እናት እንደዚሁ ናት» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪም ቤት ስትሄድ እንኳ ለሐኪሙ ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

«እንግዲያው ይገባሻል። አሁን መጥተሽ ብታዪው? በሞቴ፣ መጥረጊያ አልነካም። እንደ ሆነው ሆኖ ይጠብቅሻል።»

«እናቴ፣ ውሉ ተፈርሟል። ከሐዲዱ ማዶ አሸዋው ወርዷል።»

«ሌላ አሸዋ የለም?»

«ዘንድሮ የለም።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ ሌላ አካባቢ ነው። ተራው እስኪዞር ድረስ…» አለችና ተወችው። ከዚያ፣ ደግ ሰው ነች ብያችሁ የለ፣ ተነስታ አለቃዋ ቢሮ ገባችላት። በሩ አልተዘጋም ነበርና የሰውዬው ድምፅ ይሰማል፤ አልተቆጣም፣ አልጮኸም፤ «ምን ላድርግሽ? ለአንዱ ብፈቅድ ሁሉም ይመጣል» ሲል ብቻ ተሰማ። ኢንጂነሯ ተመልሳ መጥታ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። ሁለቱም «አይዞሽ» ተባባሉ፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና ግልጽ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው የለም። ከሐዲዱ ማዶ ሄዳ መዝጋቢውን ለመነች፤ መንገዱ ሁለት አውቶቡስ ቢያስይዝም ልጄ ትመላለሳለች ብላ። «የአካባቢው ልጆች ይቀድማሉ፣ እነሱም አልበቃቸውም» ተባለች። የግል ትምህርት ቤት ሄደች፤ ክፍያውን ስትሰማ ሳቅ አመለጣት፣ ንዴት ይሁን ድንጋጤ እንጃ። «በነፃ ላጽዳላችሁና ልጄን አስተምሩልኝ» አለቻቸው። «አጽጂ አለን፣ እናቴ» አሏት በትሕትና። ወለላቸውን አየት አድርጋ ወጣች። የማታ ትምህርት ጠየቀች፤ «ልጅ አንቀበልም፣ ለአቅመ ሥራ የደረሱትን ብቻ ነው» ተባለች። ሁሉም ደንብ አላቸው። ሁሉም ደንቡ ለምን እንደወጣ ሲያስረዷት ትክክል ናቸው። የሚሰድባት እንኳ አላገኘችም፤ አንድ ክፉ ሰው ብታገኝ ቢያንስ ተጣልታ ይወጣላት ነበር።

ለምንዬ ስድስተኛን አለፈች፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ። የሒሳብ መምህሩ ካርዷን ሲሰጣት ዓይኗን ማየት አቅቶት በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ ነው የሰጣት።

ክረምቱ አለፈ። ትምህርት የተከፈተ ዕለት እትዬ እግር በሩ ላይ ቆማ ስትጮህ አረፈደች። አዲስ ልጅ በሽ ነው፤ ጭቃው ደግሞ አይጣል። ለምንዬን ቤት ትታት ነው የመጣችው፣ ልብስ አጥቢ፣ ወለሉን ጥረጊ ብላ ሥራ ሰጥታት። ረፋዱ ላይ የሒሳብ መምህሩ መጣ።

«እትዬ፣ እስቲ አንዴ ስድስተኛ ክፍል ነይ።»

«ምን ደፉ?»

«ነይ ዝም ብለሽ።»

ሄደች። ለምንዬ ያምናውን የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ እጅጌው አጥሮባት፣ ሁለተኛው ዴስክ መሐል ተቀምጣለች። መቼ ገባች? ከሕፃናቱ መንጋ መሐል አንገቷን ደፍታ፣ እግሯን አራግፋ፣ በእናቷ አፍንጫ ሥር ማለፏ ነው! ደብተሯን ዘርግታ፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈውን እየገለበጠች ነው። አምና የገለበጠችው ያው ነው።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። በሩ አጠገብ አንዲት እናት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ከአምስተኛ ያለፈ፣ ስሙ የተጠራ፣ የሚቀመጥበት ያጣ ልጅ። ዳይሬክተሩም መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም።

«አልፋለች፤ መልሼ ስድስተኛ ብዬ ልመዘግባት አልችልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብችል… እትዬ፣ በሕይወቴ፣ ብችል።»

«እኔ ተነሺ ልላት ሞክሬ አፌ አልታዘዘልኝም» አለ መምህሩ። «አንቺ ንገሪያት።»

እትዬ እግር በዴስኮቹ መሐል አለፈች። ልጆቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። ልጇ ሥር ስትደርስ ቁጢጥ አለች።

«ነይ፣ የኔ እናት።»

«እማ፣ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ጫፉም ተይዟል።»

«ቆሜ እማራለሁ። ከኋላ። ማንንም አልከልልም።»

«የኔ እናት።»

«ምንም አልጠይቅም እኮ። አንዲት ቃል አልናገርም!»

እትዬ እግር ደብተሯን ራሷ ዘጋችላት፣ እርሳሷን አነሳችላት፣ ከብብቷ ስር ይዛ አስነሳቻት። ልጅቷ አላስቸገረችም። ገና ከዴስኩ ሳትወጣ ያ በር ላይ የነበረ ልጅ ሾልኮ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ እናቱ በሩ ላይ ሆና ለእትዬ እግር ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፣ አመሰግናለሁም ይቅርታም ነበረበት። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያቋረጠውን ቀጠለ።

ሜዳውን ተሻግረው ዋናው በር ደረሱ። ከሰዓት ገና የሚጸዱ ክፍሎች አሉ፤ ሥራዋን ጥላ ብትሄድ ደመወዟ ይቆረጣል፣ ልጅቷን ብቻዋን ብትሰድዳት ወዴት ነው የምትሰድዳት? ወደ ወፍጮው? እዚህ ብታስቀራት ደግሞ ደወል በተደወለ ቁጥር ልትሰማው ነው። ዘበኛው፣ ሁልጊዜ የሚቀልደው፣ አንድም ቀልድ አልመጣለትም። እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ቆመ።

«እትዬ፣ ልክፈት?»

እናትየዋ የልጇን እጅ ይዛ አየችው። ክፈት አላለችም፣ ተወውም አላለችም። እሱም መቀርቀሪያውን እንደያዘ ጠበቃት።